የወረደችው ካልሲ

ከሶዶ እስከ ገሱባ፣ ከገሱባ እስከ ቢጠና፣ ከእኔ ካሜራ ያመለጠ ሯጭም ዘላይም ኳስም የለም። ዝንብ ብታስነጥስ ማስነጠሷን በአሥር ፎቶ ከፋፍዬ አሳያችኋለሁ። ይህን ዕድሜዬን ሙሉ ስፎክር ኖሬአለሁ፤ ሰውም እየሳቀ አምኖኛል። የሚቀጥለውን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ ንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬም ደብቄዋለሁ። አንድ ዝላይ አምልጦኛል። ማምለጡ ኃጢአት አይደለም። ኃጢአቱ ክፍተቱን የሞላሁበት መንገድ ነው።

ለማያውቀው ላስረዳ። ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ትተክሉና ቁልፉን ተጭናችሁ ትይዛላችሁ፤ እንደ መትረየስ ተከታታይ ፎቶ ይተፋል። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ አንዱን በሌላው ላይ ትደርባላችሁ። አንዲት ልጅ ስትሮጥ፣ ስትረግጥ፣ ስትንሳፈፍ፣ አሸዋው ላይ ስታርፍ፣ በአንድ ፎቶ ሰባት ሆና ትታያለች። ይህን ጥበብ ለሶዶ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እሺ፣ ከኢንተርኔት ላይ አይቼ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በወረዳዎች ውድድር ላይ አስቴር የምትባል የገሱባ ልጅ በርዝመት ዝላይ ቀረበች። አንደኛ የምትወጣው ማሠልጠኛ ማዕከል ትገባለች፤ ሁለተኛዋ ወደ ቤቷ። አስቴር በመጀመሪያው ሙከራዋ የመርገጫውን ጣውላ አልፋ ረገጠችና ቀይ ባንዲራ ወጣባት። ሁለተኛው አጠረባት። በሦስተኛው ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ዳሞታ ተራራን ተሻግራ የምታርፍ መሰለኝ። ነጭ ባንዲራ! አንደኛ!

ሦስቱንም ሙከራ ካሜራዬን ሳላንቀሳቅስ አንስቻለሁ። ስቱዲዮ ገብቼ የሦስተኛውን ፎቶዎች ስደረድር ግን አንዲት ቦታ ባዶ ሆነችብኝ። ሩጫው አለ፤ አየር ላይ መንሳፈፏም አለ፤ ጣውላውን የረገጠችበት የለም። ልክ በዚያች ቅጽበት እጄ ካሜራው ላይ አልነበረም። የት ነበር? እሱን መጨረሻ ላይ እናገራለሁ፤ ታገሡኝ።

ምን አደረግሁ? ከመጀመሪያው ሙከራዋ የረገጠችበትን ፎቶ አወጣሁና ደረብኩት። ያው ልጅ፣ ያው ማሊያ፣ ያው ሜዳ። ማን ያውቅብኛል አልኩ። እግሯ የት እንዳረፈ አላየሁም፤ ዓይኔ የነበረው ክፍተቱ ላይ ብቻ ነው።

በማግሥቱ፣ በመዝጊያው ሥነ ሥርዓት፣ ፎቶውን የበር ያህል አሳትሜ ሜዳው ዳር አቆምኩት። ለእሷ ስጦታ ነበር! ሰው ከቦ አጨበጨበ። የሁለተኛዋ ልጅ አሰልጣኝ ግን ጠጋ ብሎ ጣቱን ጣውላው ላይ አሳረፈና ወላይትኛውን ከአማርኛው እየቀላቀለ ጮኸ። "ኧረ ይሄ ጫማ የት ነው ያለው? ተመልከቱ እንጂ!" የአስቴር ጫማ ጫፍ መስመሩን አልፏል። የውድድሩ ኃላፊ ወደ እኔ ዞሩ። "አቶ በዛብህ፣ ይሄ የትናንቱ ሦስተኛ ዝላይ ነው? እርግጠኛ ነዎት?"

"አይደለም" የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። አፌ ግን የለመደውን አወጣ፤ "የእኔ ካሜራ ዋሽቶ አያውቅም!" ሰው ሳቀ። ነጩን ባንዲራ ያነሡት ዳኛ እንኳ "እንግዲህ ዓይኔ ስቶ ይሆናል" ብለው አቀረቀሩ። ዝላዩ ተሰረዘ። ማሠልጠኛ የገባችው ሌላዋ ናት። ማን ሰረዘው? አሰልጣኙ? ኃላፊው? እኔ ነኝ። እኔ፣ በገዛ አፌ።

ከዚያ ወዲህ ያ ፎቶ ወደ ኦቶና በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ስቱዲዮዬ፣ ከወንበሬ ትይዩ ተሰቅሏል። ላውርደው? ካወረድኩት ለምን ይሉኛል። ሙሽሮች ሳይቀሩ "እኛንም እንደዚያች ልጅ ሰባት ሰባት አድርገን" ይሉኛል። እነሱ የማያዩትን እኔ አያለሁ፦ ጣውላውን በረገጠችበት ላይ የግራ እግሯ ካልሲ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ወርዳለች፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ባሉት ላይ ግን እስከ ጉልበቷ ተስባለች። ጠዋት በሩን ስከፍት ያቺ ካልሲ ቀድማ ታየኛለች። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ሥራዬ ታሰርኩ። ጠባቂዬ ካልሲ ናት ብል ማን ያምነኛል?

ባለፈው ወር አስቴር ራሷ ጉርድ ፎቶ ለመነሣት መጣች። ግድግዳው ፊት ቆመች።

"ጋሼ፣ አሁንም አለ?"

"የት ይሄዳል?" አልኳት።

"እግሬ እኮ 'አላለፍኩም' ይለኝ ነበር። ፎቶውን ካየሁ በኋላ ዝላይ ተውኩ። ባለቤቱን የሚዋሽ እግር ይዤ የት እደርሳለሁ?" ፈገግ አለች። ከዚያ ወደ ፎቶው ተጠጋች። "ቆይ ጋሼ፣ ካልሲዬ እዚህ ጋ ወርዳ እዚህ ጋ እንዴት ተሰቀለች?"

ይኸው፣ የእስር ቤቱን በር ራሷ ከፍታልኛለች። እኔስ ምን አልኩ? "አየር ላይ ሳለሽ መልአክ ሳበልሽ!"

ሆዷን ይዛ ሳቀች። "ጋሼ፣ እርስዎ መቼም አይለወጡም" ብላ ጉርዷን ይዛ ሄደች። ያን ጊዜ በፎቶ የዘጋሁባትን በር አሁን በቀልድ ቆለፍኩት። የትኛው ይብሳል? ሁለተኛው ይመስለኛል፤ የመጀመሪያውን ስሠራ እግሯን አላየሁም፤ ሁለተኛውን ስሠራ ዓይኗን እያየሁ ነው።

ዋናዎቹ ፎቶዎች አሉኝ፤ የሦስቱም ሙከራ፣ ከነክፍተቱ። ከዚህ ጽሑፍ ጋር ገሱባ ድረስ ይዤላት እሄዳለሁ። አስቴር፣ እግርሽ አልዋሸሽም። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ። ይቅርታሽን አልጠይቅም፤ ብትሰጪኝ እንኳ ያመለጠሽን አይመልስልሽም።

የቀረው የእጄ ጉዳይ ነው። የሙያ ጓደኞቼ ከነቁብኝ "ሚሞሪ ካርዱ ሞልቶ ነው" ልላቸው አዘጋጅቼ ነበር። ውሸት ነው። የዚያን ቀን ምሳ ላይ የሦስት ሰው ቁርጥ በዳጣ ብቻዬን ጨርሼ ቀበቶዬን ፈትቼ ነበር። አስቴር ጣውላውን ስትረግጥ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ወረደ። በሁለት እጄ እሱን እያነሣሁ ነበር።