ዳገት ላይ ዝም የሚለው

ማክሰኞ ጠዋት ከመካነ ሰላም ተነስቼ ወደ አቀስታ ስወጣ ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ ቢጫ የሞተር ምልክት በራች። ሙዚቃውን ዘጋሁት። ከኋላ አንዱ ተሳፋሪ፣ «ምነው ሾፌሯ፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አለኝ። ይቺን መብራት ሳይ ከዓይኔ ይልቅ ጆሮዬ ነው የሚነቃው። እንዲህ ያስለመዱኝ ደግሞ መሪ ጨብጠው የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ያልመጣልኝ ዓመት ነበር። ቤት መቀመጥ ሞቴ ነው፤ ስለዚህ የአባቴ ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆንኩ። በር ላይ ተንጠልጥዬ «ደሴ! አቀስታ!» እያልኩ ስጣራ የሚያፍርልኝ ዘመድ ሞልቶ ነበር። እኔ አላፈርኩም።

ሚኒባሷ ላይ ያቺ መብራት ከበራች ወዲህ ግን ቤታችን ሰላም አጣ። ደሴ ጋራዥ እንወስዳታለን፤ ኮምፒውተር ይሰካባታል። ኮምፒውተሩ ሞተሩ በደንብ እንደማያቃጥል ይናገራል፤ ከአራቱ ሲሊንደር የትኛው እንደሆነ ግን አይናገርም። ካንዴላ ተቀየረ። የነዳጅ ፓምፕ ተቀየረ። ከአውራ ጣት የማይበልጥ ሴንሰር፣ በሬ የሚያህል ዋጋ ተከፍሎበት፣ ከአዲስ አበባ መጥቶ ተቀየረ። ጋራዡ ግቢ ውስጥ መብራቷ ትጠፋለች፤ ደስ ብሎን ጥብስ እንበላለን፤ የጉጉፍቱን ዳገት ስንጀምር ቦግ። አባቴ በመጨረሻ በጥቁር ፕላስተር ሸፈናት። ከዚያ ወዲያ ዓይኑ ከፕላስተሩ ላይ አልነሳ አለ።

ጥቅምት ላይ «በቃኝ» አለ። ደሴ ገዢ አግኝቷል፤ ቅዳሜ ተሳፋሪ ጭነን ሄደን መኪናዋን እናስረክባለን፤ ከዚያ እሱ በጅቡቲ መስመር የሌላ ሰው የጭነት መኪና ሊነዳ ነው። የእኔን ነገር ማንም አላነሳም። ማንሳትም አያስፈልግም። ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ለጋብቻ መጥተው «ልጅቷ ሥራ ላይ ናት» ተብለው ተመልሰዋል። መኪናዋ ከተሸጠች ምን ሥራ አለኝ? ሽማግሌ የላከውን ሰውዬ በፎቶ አይቼዋለሁ፤ አልወደድኩትም።

ያን ቅዳሜ ሼህ እንድሪስን ጋቢና አስቀመጥናቸው። ከከተማችን ወጣ ብሎ ልጆችን ቁርአን የሚያስቀሩ፣ ጮክ ብለው ሲያነቡ እየሰሙ የሚያርሙ ሽማግሌ ናቸው። ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ የገብሱ ማሳ ቢጫ ሆኖ አጨዳው ተጀምሯል። እሳቸው በፌስታል የያዙትን የባቄላ እሸት ለሁላችንም አደሉን። ዳገት ስንጀምር ማኘካቸውን ተዉ።

«ልጄ» አሉት አባቴን፣ «ከስሬ ያሉት ስንት ናቸው?»

«ምኖቹ ሼህየ?»

«የሚቀሩት።»

ከኋላ ሳቅ ሆነ። አባቴ ግን ገባው። «አራት ናቸው» አለ።

«አንዱ ዳገት ላይ ዝም ይላል።»

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። «ሼህየ፣ ኮምፒውተር ያጣውን እርስዎ በባቄላ ሊያገኙት ነው?»

«የዚች ልጅ ምላስ ከጎማው ይፈጥናል» አለች አንዲት ሴት።

እሳቸው አልተቆጡም። «ኮምፒውተራችሁ የሚጠይቀው ሞተሩ ካረፈ በኋላ ነዋ። ያረፈ ሁሉ አስተማሪ ፊት ጎበዝ ነው። አሁኑኑ አቁም፤ ሳይበርድ።»

አባቴ ለምን እንደታዘዛቸው እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ቆመ። ከጎማው ስር ድንጋይ አስገባሁ፤ ሰው ሁሉ ወረደ። ሞተሩ ያለው ከጋቢናው ወንበር ስር ነው፤ ወንበሩን ስናነሳ ሙቀቱ ፊታችንን ለበለበው። እኔ በሾፌሩ በር አጎንብሼ ነዳጅ መስጫውን በእጄ ተጫንኩ። አባቴ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ የየሲሊንደሩን የእሳት ሶኬት በተራ እየነቀለ፣ ሲሊንደሩን ዝም እያሰኘ፣ ይመልሳል። ሼህ እንድሪስ ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ ገደሉ ዞረው ቆሙ።

አንደኛውን ነቀለ። «ይሄ ይቀራ ነበር፤ መልሰው።»

ሁለተኛውን ነቀለ። «ይሄም ነበረ፤ መልሰው።»

ሦስተኛው ላይ ምንም አላሉም። አባቴ አየኝ። ሶኬቱ እጁ ላይ ነው።

«ቀጥል እንጂ» አሉ ሼህየ ሳይዞሩ፣ «ምን ትጠብቃለህ?»

«ሼህየ፣ ነቅዬዋለሁ።»

«እንግዲያ እሱ ነው።»

ቅድም የተረበችኝ ሴት ክንዴን ጨምድዳ ይዛኛለች።

ደሴ ላይ መካኒኩ እያጉረመረመ የሦስተኛውን ኮይል፣ እሳት የሚያመነጨውን ዕቃ፣ ፈታ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረችበት፤ ስትግል ትከፈታለች፣ ስትበርድ ትገጥማለች። ተቀየረ። ስንመለስ አባቴ ፕላስተሩን ልጦ የጉጉፍቱን ዳገት እስከ ጫፍ ወጣው፤ መብራቷ አልበራችም። ከላይ ደርሶ ለገዢው ደወለ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ልጄ እየሠራችባት ነው» አለው። እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ፤ ዓይኔን እንዳያየው።

በሳምንቱ ሁለት ኪሎ ስኳር ይዤ ሼህየ ዘንድ ሄድኩ። አርባ የሚሆኑ ልጆች፣ እያንዳንዱ የራሱን ገጽ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ እየጮኸ ይቀራል። ለእኔ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው። እሳቸው ስለ አባቴ ጤና እየጠየቁኝ ሳለ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ጦይብ፣ መልስ» አሉ። ከጥጉ አንድ ልጅ ደንግጦ የሳተውን መስመር እንደገና ቀራ። ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ። ዝናብ ብቻ።

«ሼህየ፣ ስህተቱ እንዴት ይሰማዎታል?»

«ስህተቱ አይሰማኝም ልጄ» አሉ። «ልጁ ነው የሚጎድለኝ።»

ይኸው ስንት ዓመት ነዳሁ። ማክሰኞ ዳገቱ ላይ ብዙ አዳመጥኩ፤ ለእኔ ሞተሩ ያው አንድ ድምፅ ነው። መኪናዋን ነገ ጋራዥ እወስዳታለሁ፤ የሚያስከፍሉኝን እከፍላለሁ። የሚገርመኝ ሌላ ነው። በየቀኑ መኪና ሙሉ ሰው እጭናለሁ፤ ይሳሳቃሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ስልክ ያወራሉ። ከመሃላቸው አንዱ ዝም ቢል የማውቅ አይመስለኝም።