የቲማቲሞቹ አራስ ቤት

አባቴ ጡረታ በወጣ ሰሞን የሳሎናችንን ቁም ሳጥን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ሲያዞር ከረመ። ዕድሜውን ሙሉ ማተሚያ ቤት ቆሞ የሠራ ሰው ነው፤ ቁጭ ማለት አያውቅበትም። እናቴ ደግሞ የምትፈልገው ቁጭ እንዲልላት ነበር። "ስትለፋ ኖረሃል፣ አሁን እንኳ ዕረፍ" ትለዋለች። ወንበር ሲያነሳ ወገብህን፣ ደጅ ሲቆም ነፋሱን፣ መዶሻ ሲይዝ ጣትህን ትለዋለች። የጉለሌ ብርድ ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርድ ቀልድ እንደማያውቅ አይካድም። ግን ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንደሚባለው፣ አባቴ ምንም ያልሆነውን የበር እጀታ ፈትቶ መልሶ ሲገጥም ይውል ጀመር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ "ሰላሌ ብገባስ?" አለ። ሰላሌ የትውልድ አገሩ ነው፤ እህቱ እዚያ አለች። "እዚያ ቢያንስ አጥር አጥራለሁ፣ ከብት እመልሳለሁ። እዚህ እኮ የቤት ዕቃ ሆንኩ።"

እናቴ እጇን ከገበታው አነሳች። ጉለሌ ተወልዳ፣ ጉለሌ ተድራ፣ ጉለሌ የወለደች ሴት ናት፤ ሰላሌ ለሠርግና ለለቅሶ ካልሆነ አትሄድም። እሱ ሄደ ማለት ቤታችን ለሁለት ተከፈለ ማለት ነበር። እኔ ያኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ ባል አላገባሁም፣ የምኖረውም ከእነሱ ጋር ነው። ጭቅጭቃቸውን እየሰማሁ ስላደግሁ፣ ያ ጭቅጭቅ የሌለበት ቤት ምን እንደሚመስል ማሰብ አስፈራኝ።

መላው የመጣው ከእኔ ነው። በዚያ ዘመን ቀበሌው በየስብሰባው "በጓሮአችሁ አትክልት ትከሉ" ይለን ነበር፤ እኛም ጎመን ተክለናል። ቲማቲም ግን በእኛ ሰፈር ኅዳር ላይ ውርጭ መትቶት በአንድ ሌሊት ይጠቁራል። ከመሥሪያ ቤት ለጉብኝት ወጥተን አንድ እርሻ ላይ የላስቲክ ቤት አይቼ ነበር፤ እንደ ዋሻ የተጠማዘዘ፣ ነጭ ላስቲክ የለበሰ፣ ውስጡ ቲማቲም ሞልቷል ያሉን። ያየሁት በማለዳ ከአውቶብስ መስኮት ነው፤ ዳር እስከ ዳር ዝግ ነበር። ይህንን ለአባቴ ስነግረው ማንኪያውን አስቀምጦ "ቁመቱ ምን ያህል ነው?" አለኝ። እናቴ ከኋላው ሆና በዓይኗ አመሰገነችኝ።

ላስቲክ ልንመርጥ አዲሱ ገበያ አብረን ወረድን። ነጋዴው መጀመሪያ ያወጣልን ጥቁሩን ነበር፤ አባቴ "ፀሐይ የማያስገባ ቤት ለሌባ ነው" ብሎ መለሰለት። ቀጥሎ ስስ የሆነ ነጭ መጣ። አባቴ እንደ ወረቀት በሁለት ጣቱ መሀል አሸው፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው፣ ጆሮው ሥር አንኮሻኮሸው። "ይሄ ዳቦ መጠቅለያ ነው፤ የመጀመሪያው ንፋስ ይዞት ይሄዳል።" ነጋዴው ታግሶ ወፍራሙን ከሥር ጎተተ። አባቴ እሱንም እንዲሁ ሲያሸው ቆየና "ይሄ የመጽሐፍ ሽፋን ይወጣዋል" አለ። ከእሱ አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አይወጣም። ለማገሩ ብረት እንግዛ ስለው እምቢ አለ፤ ከእንጦጦ እንጨት ከሚያወርዱ ሴቶች ቀጫጭን እርጥብ ባሕር ዛፍ ገዝቶ፣ ሳይደርቅ አጉብጦ ሁለቱን ጫፍ መሬት ቀበረው። ከፍታውን ቆሞ የሚገባበት አደረገው። ዝቅ ብናደርገው ላስቲክ ይተርፍ ነበር ስለው "በዚህ ዕድሜዬ ለቲማቲም አልሰግድም" አለ።

ላስቲኩ ከመንገድ ስለሚታይ የቀበሌው ሰው ለመጠየቅ መጣ። ትርፍ ቤት የተወረሰበት ዘመን ነው፤ ሰው ጓሮው ውስጥ ጣሪያ ያለው ነገር ካቆመ ይጠየቃል። "ጓድ፣ ይሄ ቤት ተመዝግቧል?" አለ። አባቴ ላስቲኩን ገልጦ ወደ ቲማቲም ችግኞቹ አስገባውና "ነዋሪዎቹ እነዚህ ናቸው፤ ሁሉም ጭቁኖች ናቸው" አለው። እኔ አባቴን በክርኔ ጎሰም አደረግሁት። ሰውየው ግን ችግኞቹን አይቶ ሳቀ፤ ሲወጣም ለእናቱ የሚተክለው ችግኝ ለመነ።

ችግሩ ውሃው ላይ ነበር። ግቢያችን ቧንቧ የለውም፤ የምንቀዳው ከመንገዱ ማዶ ከቦኖ ነው፤ ቦኖ ላይ የሚሰለፉት ደግሞ ሴቶች ናቸው። አባቴ በመጀመሪያው ቀን ባልዲ አንስቶ ሲወጣ እናቴ በር ላይ ደርሳ ነጠቀችው። "ጎረቤት ምን ይለኛል? ባሏን ውሃ ታስቀዳለች ልባል?" እሑድ በሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ስለ እኩልነት ሲነገር ከሁሉም በላይ የምታጨበጭበው እሷ ነበረች። ስለዚህ እኔና እሷ እየቀዳን አመላለስን። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ በምስማር በስተን ማጠጫ ሠራን፤ እሱንም "ጎንበስ ቀና አትበል" ብላ ከእጁ ወሰደችበት። አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ወዲህ አጠጡ፣ ወዲያ አጠጡ የሚል ሆነ። በማተሚያ ቤት ያላገኘውን አለቅነት በጓሮ አገኘ ብዬ ቀለድኩበት፤ አልሳቀም።

ከዚያ ጎረቤቶች መጡ። አንዷ አንገቷን አስግጋ ውስጥ ያለውን ሙቀት ስትሰማ "እንዴ፣ አራስ ቤት ነው እኮ" አለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ እውነትም አራስ ቤት ሆነ። እናቴ ነፋስ እንዳይገባባቸው የላስቲኩን ግርጌ ዙሪያውን በአፈር ደፈነችው። በሩ ላይ የአባቴን አሮጌ ጋቢ ሰቀለች። ከመንገድ የመጣ ሰው ትንሽ ሳያርፍ እንዳይገባ ከለከለች፤ ምች ይመታቸዋል አለች። እኔም ከሥራ ስመጣ ውጭ እየቆምኩ ተራዬን እጠብቅ ነበር። የሚገርመው ቲማቲሞቹ አደጉ። ውርጩ የጎረቤቱን ድንች ሲያቃጥል የእኛዎቹ ወገቤ ደረሱ፣ ቢጫ አበባም አወጡ። አባቴ ሰላሌን ማንሳት ተወ።

አበባው ግን ፍሬ አልያዘም። ጠዋት ጠዋት ስንገባ መሬት ላይ ረግፎ እናገኘዋለን። እናቴ በርዷቸው ነው ብላ ጋቢው ላይ ብርድ ልብስ ደረበች፤ ጠምቷቸው ነው ብላ ጠዋት ማታ ቅጠላቸውን በውሃ አራሰች። ላስቲኩ እንደ ድስት ክዳን ያንጠባጥብ ጀመር፤ ቅጠሉም ሻገተ። አባቴ አበባ ከመሬት እየለቀመ መዳፉ ላይ ያያል። የጥምቀት ሰሞን አልፎ ጥቂት እንደቆየ "ሰላሌ መሬቱን አይቼ ልምጣ" አለ። መሬት ሊያይ የሚሄድ ሰው ግን የክት ልብሱን አይዝም። እናቴ ሻንጣውን አየች፤ አዲሱ ገበያ ድረስ ሄዳ አውቶብስ አሳፈረችው።

ቤቱ ጭር አለ። እናቴ ቁም ሳጥኑን ወደ ድሮ ቦታው መለሰችው፤ በማግስቱ ደግሞ እሱ ወደሚወደው ቦታ አዞረችው። አኮረፈችም፣ ናፈቀችም፤ ሁለቱን አንድ ላይ። በዚያው ሰሞን የጎረቤት ፍየል አጥር ዘልላ ገባችና የላስቲኩን አንድ ጎን ከላይ እስከ ታች ቀደደችው። "እንስፋው" ስላት "ለማን ብዬ?" አለችኝ። የቦኖውም ውሃ መጥፋት አበዛ። ቢሆንም ማጠጣቱን አልተውንም፤ በተገኘው ውሃ ጠዋት ጠዋት ብቻ፣ እሱንም ሥሩ ላይ፤ ቅጠል ለማራስ የሚተርፍ አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ጎንበስ ብዬ ሳጠጣ ቀዳዳው አጠገብ ባለው ግንድ ላይ አረንጓዴ ነገር አየሁ። ሽንብራ ያክላል። ከጎኑ ሌላ አለ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ከበድ ብሎ ቅርንጫፉን ያጎበጠ። ንብ በቀዳዳው ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ነፋሱም ቅጠሉን ያወዛውዛል። ወደ ጥግ፣ ነፋስ ወደማይደርስበት ብሄድ አንድ ፍሬ የለም፤ አበባው እንደ ድሮው ረግፏል። እናቴን ጠራኋት። ተቀመጠች፣ ፍሬዎቹን በጣቷ ነካች፣ ተነስታ ጥጉን አየች፣ ተመልሳ ቀዳዳው ጋ ቆመች።

"እኔ እኮ ነኝ የዘጋሁባቸው" አለች።

ማጠጫውን መሬት አስቀመጥኩ።

"ሰውየውንም" አለች። ከዚያ በራሷ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ዓይኗ እንባ ሞላ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ወድጃት አላውቅም።

በዚያኑ ዕለት ግርጌው ላይ የደፈነችውን አፈር በዶማ አነሳች፤ ሁለቱን ጎን ጠቅልላ በገመድ አሰረች፤ ብርድ ልብሱንና ጋቢውን አውርዳ አጠበች። ቀን ይከፈታል፣ ውርጭ ሲመጣ ማታ ይዘጋል አለች። ከቲማቲሞቹ ትልቁን፣ ገና አረንጓዴውን ቆረጠችና በመሐረብ ቋጥራ፣ እህል ልትገዛ ሰላሌ ለምትሄድ ጎረቤታችን ሰጠቻት።

"ምን ትበለው?" አልኳት።

"ምንም አትበለው። ታሳየው።"

ብዙ አልቆየም። ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ፤ አባቴ ሻንጣውን ይዞ ገባና ሰላምታም ሳይሰጠን በቀጥታ ወደ ጓሮ ዞረ። ተከትለነው ሄድን። የተጠቀለለውን ላስቲክ ከዳር እስከ ዳር አየው።

"ማን ነው የከፈተው?"

"ፍየሏ" አለች እናቴ።

"ታዲያ ምን አደረጋችኋት?"

"ጎመን አበላናት።"

አባቴ ሊስቅ ፈልጎ ያዘው። እናቴ ፊቷን ወደ ባልዲው መለሰችና በእግሯ ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። "አፈሩ ደርቋል። ቦኖው ዛሬ ውሃ አለው" አለችው።

"እኔ ልቅዳ?"

"ታዲያ ማን ይቅዳ? እኔ ደክሞኛል።"

የደከማት አልመሰለኝም። አባቴ ባልዲውን አየ፣ እሷን አየ፤ ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ወጣ። እኔ በር ላይ ቆሜ አየሁት። ሲደርስ የተሰለፉት ሴቶች ዞረው አዩት፤ ከፊት ያለችው "ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ" ብላ ገለል አለች። እጁን አወዛወዘና መጨረሻ ላይ ተሰለፈ። ተራው እስኪደርስ ምን እንደሚያወራቸው አልሰማሁም፤ ሳቃቸው ግን እኛ በር ድረስ ይመጣ ነበር።

ሲመለስ ባልዲውን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶት፣ በየእርምጃው ሱሪው ላይ እየደፋው ነበር። ዳገቱ መሀል ላይ ቆመና እጅ ቀየረ። እናቴ ከአጠገቤ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደች፤ ከዚያ ተመልሳ ሁለት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

"ጫማው ረጥቧል" አለችኝ በሹክሹክታ።

አባቴ በአጠገባችን አልፎ ወደ ጓሮ ገባ። ለእሱ ምንም አላለችውም።