በምሽጉ በር ያሉት እጆች

የቦዲቲዋ ቅቤ ነጋዴ ወይዘሮ ሣራ ባላቸው የሞቱባቸው እሳቸው ገና የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ሳሉ ነው። አንድ ልጃቸውን ሩትን ብቻቸውን አሳደጉ። ሩት ሕንድ አገር ተምራ ስትመረቅ እናቷን አስመጣች፤ የጥንቶቹን የራጅፑት ነገሥታት ምሽጎችና ቤተ መንግሥቶች ልታሳያቸውም ራጃስታን ወደሚባለው የሕንድ ግዛት ወሰደቻቸው።

መጀመሪያ የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ ገቡ። አንድ ባለመስመር ትልቅ ነብር መኪናቸውን ታክኮ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ሣራ ግን "ሲያምር!" ብለው ሳቁ።

በማግስቱ አንድ ምሽግ በር ላይ ሲደርሱ ግድግዳው ላይ ቀይ የተቀቡ ትንንሽ የእጅ ቅርጾች አዩ። ሣራ የልጆች ጨዋታ መስሏቸው መዳፋቸውን በአንዱ ላይ አሳረፉ። አስጎብኚው የተናገረውን ሩት ተረጎመችላቸው።

"እማዬ፣ የዚህ ምሽግ ንጉሥ ሚስቶች እጅ ነው። እሱ ሲሞት እንደ ባህላቸው ከአስከሬኑ ጋር እሳት ሊገቡ ሲሄዱ የተዉት ምልክት ነው።"

"በሕይወታቸው?"

"አዎ።"

ሣራ እጃቸውን መንጭቀው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

"ልጆችስ አልነበሯቸውም?"

አስጎብኚው የአንዳንዶቹ ልጆች ሕፃናት እንደነበሩ ነገራቸው። ሣራ የድንጋዩ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። "አባትሽ ሲሞት አንቺ ጡት አልተውሽም ነበር" አሉና ሩትን ጎትተው አቀፏት። ምሽጉ ውስጥ ያሉትን በመስታወት ያጌጡ አዳራሾች ሳያዩ ተመለሱ።

ሣራ ቦዲቲ ሲገቡ የቤተ ክርስቲያናቸው ሴቶች ከበቧቸው፤ በስልክ ወሬውን ስለሰሙት ነብር ለመስማት ጓጉተዋል። ሣራ ግን ስለ እጆቹ ጀመሩላቸው። መዳፋቸውን ዘርግተውም የእጆቹን ትንሽነት አሳዩአቸው።