አጥንት ይወዳል

ጡቴ ከተቆረጠ በኋላ ዕጢው ጠርሙስ ውስጥ ተከቶ ለምርመራ አዲስ አበባ ተላከ። ሐኪሙ ቀዶ ጥገናው ሳይደረግልኝ በፊት፣ «ዕጢው ላይ የሚታዩ ምልክቶች አሉ፤ በሽታው ይመለስ እንደሆነ፣ ከተመለሰም ወዴት ሊሄድ እንደሚችል ይጠቁሙናል» ብሎኝ ነበር። ያን ውጤት ስጠብቅ የፈራሁትን ፍርሃት ለጠላቴም አልመኝም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ከተቀመጥሁበት እነሳ ነበር።

ውጤቱን ሄዶ የተቀበለው ታላቅ ወንድሜ ነው። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለበሽተኛ አይነገርም፤ የሚነገረው ለቤቱ ወንድ ነው። ወንድሜ በከተማችን አራዳ ገበያ ወዳለው የጨርቅ ሱቃችን ሲመለስ ፊቱን አላሳየኝም። ጀርባውን ሰጥቶኝ ጣቃ እያስተካከለ፣ «ሸጋ ነው፤ አልሐምዱሊላህ» አለ። በየቀኑ የምውጠው ክኒንም ይዞልኝ መጥቷል። ለደም ማነስ ነው አለኝ።

እኔ ደግሞ ሞኝ አይደለሁም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጣቃ ማንሳት ተከለከልሁ። ምላሷ ጦር የሆነችው የወንድሜ ሚስት በአንዴ ማር ሆነች፤ ጀሪካኑን ከእጄ ትነጥቀኛለች። እናቴ ስሰግድ ከኋላዬ ቆማ ታየኛለች። ከሞቱ ይልቅ በየት በኩል እንደሚመጣብኝ አለማወቄ ነበር እንቅልፍ የነሳኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ተረት እኮ ሁላችንም አፋችንን የፈታንበት ነው!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገበያው ጭር ሲል የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ ወንድሜ ፊት ቆምሁ።

«አያ፣ ምነው ትደብቀኛለህ? የማን ገላ መሰለህ?»

መጀመሪያ ተቆጣ። ቀጥሎ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ወንድሜ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበርና ምነው ባልጠየቅሁ አልሁ።

«ዕጢው ላይ የሆርሞን ምልክት ተገኝቷል አለኝ ሐኪሙ። እንዲህ ያለው ሲሰደድ አጥንት ይወዳል አለኝ። ክኒኑ እሱን እንዲከላከል ነው። እስካሁን የለም፤ ላይመጣም ይችላል። ብቻ...»

«ብቻ ምን?»

«ወገቧን ይሁን ጎኗን፣ አጥንቷን ካመማት ሳትውል ሳታድር አምጣት ብሎኛል። እኛም ይኸው ዕለት ዕለት እናይሻለን። አንድ ቀን ብታቃስቺ ኖሮ ተሸክሜሽ በሮጥሁ!»

ባንኮኒውን ያዝሁ።

ከረመዳን ወዲህ ወገቤን ውጋት ይዞኛል። ብርድ ነው እያልሁ ራሴን ሳታልል ከርሜያለሁ። እናቴ እንዳትደነግጥ ብዬ፣ ስሰግድ ከሱጁድ ስነሳ ጥርሴን ነክሼ ድምፄን እውጣለሁ። ማታ ማታ በሬን ዘግቼ የጥቁር አዝሙድ ቅባት እቀባለሁ፤ ሽታው እንዳያሳብቅብኝ መስኮት እከፍታለሁ። እነሱ ለእኔ ብለው ደበቁኝ፤ እኔ ለእነሱ ብዬ ደበቅኋቸው።

ወንድሜ እንባውን በመዳፉ እየጠረገ፣ «እንኳንም አላመመሽ፤ እንኳንም አላመመሽ» ይላል።

«አያ» አልሁት፤ «ሱቁን ዝጋ።»