ሐኪሙ በሕመምተኛ ወንበር

የወሎዋ ሉጥፊያ በካርቱም ከተማ ሪያድ በሚባለው ሰፈር በሰው ቤት ብዙ ዓመት ሠርታለች። በከተማዋ የነበረው ጦርነት ጋብ ሲል፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር እንደገና በተከፈተ ክሊኒክ የሕመምተኛ ተሽከርካሪ ወንበር ገፊ ሆነች።

አንድ ጠዋት ኃላፊው ዶክተር ሙስዐብ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና፣ «ያላ ሉጥፊያ! ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ውሰጂኝ። ሊን የሚሉት፣ አላስፈላጊ ምልልስንና ብክነትን የሚያስቀር አሠራር የሕመምተኛውን መንገድ በዓይን ከማየት ይጀምራል» አሏት።

እየፈራች ገፋቻቸው። ከበሩ ወደ ካርድ ክፍል፣ ከዚያ ወደ ምርመራ፣ ኦክስጅን ፍለጋ ደግሞ ጓሮ ወዳለው መጋዘን ሄዱ።

«እውነተኛ ሕመምተኛ ብሆን ሞቼ ነበር» አሉ ዶክተሩ።

ሠራተኛው ሁሉ ተባብሮ በዚያው ቀን ኦክስጅኑን መግቢያው ጎን አቆመው፤ ካርድም ከሕክምና በኋላ እንዲወጣ ተስማሙ።

ብዙም ሳይቆይ ከካላክላ ሰፈር አስም የተነሣባት ሴት መጣች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ሉጥፊያ ወንበሩን ገና ሳታቆም ነርሷ የኦክስጅኑን ጭምብል አጠለቀችላት። ጥቂት ቆይታ ሴትዮዋ ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀች።

ሉጥፊያ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። አዲስ መድኃኒት አልመጣ፣ አዲስ ሐኪም አልተቀጠረ።

«ሱብሐነላህ! ዶክተር፣ ዕቃ ስላዛወርን ብቻ ሰው ዳነ?»

«ዳነ» አሉ፣ እሳቸውም ዓይናቸውን ከሴትዮዋ ሳይነቅሉ።