እንቁላሉ የተቀመጠበት ወንበር

ወንበሩን ቤታችን ያመጣው ባለቤቴ ነው። ያኔ ሆሳዕና ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። አብረውት ይሠሩ የነበሩ ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ አብዮቱ ሲጠና ዕቃቸውን ለሰው አድለው ወደ አገራቸው ሄዱ። ለአንዱ ብርድ ልብስ፣ ለአንዱ ድስት ሲደርሰው ለእኛ የደረሰን ይኼ ነበር፦ እግር የሌለው፣ ጎንና ጎኑ ከፍ ያለ፣ ሰማያዊ ስፖንጅ የለበሰ ትንሽ ወንበር። ከትከሻና ከጭን የሚመጡ ቀበቶዎች አሉት፣ ሁሉም ሆድ ላይ አንድ ዘለበት ውስጥ ይገባሉ።

"ምንድን ነው ይኼ?" አልኩት።

"የልጅ ወንበር ነው።"

"እግሩስ?"

"እግር የለውም። መኪና ላይ ነው የሚታሰረው።"

"ልጁስ?"

"ልጁ ደግሞ እሱ ላይ ይታሰራል።"

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ልጅ ታስሮ ሲሄድ ሰምቼም አላውቅ። ደግሞ ልጅም አልነበረን። ወንበሩን ጓዳ አስገብቼ ሽንኩርት አደረግሁበት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሽንኩርት ሲያቅፍ ኖረ።

ልጃችን ስትወለድ ግራ እግሯ ወደ ውስጥ የዞረ ነበር፤ መርገጫው ሌላውን እግሯን ያያል። ወጌሻው አሸላት፣ በቀርከሃ አሰራት፣ አልሆነም። ክሊኒክ ስወስዳት ድሬሰሩ፣ "አጥንቷ ሳይጠነክር አዲስ አበባ ውሰጃት። በጄሶ እያቀኑ እያቀኑ ያስተካክሉታል። ግን እንዳታቋርጪ። ካቋረጥሽ እንዳነከሰች ትቀራለች" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ልጄ ቀጥ ብላ እንድትራመድ ነበር የምፈልገው፣ እሱን ብቻ።

መኪናው ለሥራ አዲስ አበባ ሲወጣ እኛም እንድንሳፈር ኃላፊው ፈቀዱ። የመጀመሪያ ቀን ጋቢና ተቀመጥኩ። በእኛ አገር ልጅ የያዘች ሴት ከኋላ አትቀመጥም፣ ነውር ነው። ሽማግሌም ቢሆን ይነሣላታል። ጋቢና ክብር ነው፣ አቧራም የለውም። ልጄን ጭኔ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ አቀፍኳት። ቡታጅራ ሳንደርስ መንገዱ ላይ አህያ ገባበት፣ ባለቤቴ ፍሬን ያዘ። ልጄ ከእጄ ሾልካ ወጥታ ዳሽቦርዱ ላይ ዐረፈች። ግንባሯ አበጠ እንጂ ሌላ ነገር አልሆነችም።

"ምነው አትይዣትም!" ብሎ ጮኸብኝ።

"ይዣታለሁ!"

"ከያዝሻት ታዲያ..."

"ይዣታለሁ አልኩህ!"

እውነቴን ነው። በሕይወቴ ምንም ነገር እንደዚያ አጥብቄ ይዤ አላውቅም። እንዲያውም ከግንባሯ ሌላ ያበጠው የገዛ ጣቴ የተጫነው ክንዷ ነበር። ያን ቀን ገባኝ፤ የእናት ክንድ የሚይዘው መኪናው እስኪቆም ነው። ሲቆም ልጅቷ መንገዷን ትቀጥላለች።

አዲስ አበባ የመጀመሪያውን ጄሶ አድርገውላት ስንመለስ ሽንኩርቱን ዘረገፍኩት። ወንበሩ ሥር አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ተሰክታ አገኘሁ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ በኋላ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሁሉ ሳላነብ አልጥልም ነበር። የዚህች መጽሐፍ ፊደል ግን የእኛ አይደለም። ደግነቱ ሥዕል አላት። ገልጬ ገልጬ አንዱ ላይ ቆምኩ። ሴትዮ ጋቢና ተቀምጣለች፣ ልጅ ጭኗ ላይ አለ፣ ከላይ እስከ ታች በቀይ ተሰርዘዋል። ያቺ ሴትዮ እኔ ነበርኩ።

ባለቤቴን ለምኜ ሁለት እሑድ ከሥዕሉ ጋር ተጣላን። መጽሐፏ ወንበሩን በመኪናው ቀበቶ እሰሩ ትላለች፣ ላንድሮቨሩ ደግሞ ቀበቶ የሚባል ነገር የለውም። መጀመሪያ በቅሎ መጫኛ ጠፍር ሞከርን። ጠንከር አድርገን ስንስበው ተለጠጠ። ቀጥሎ ከጭነት መኪና የሸራ ማሰሪያ ለምኖ አመጣልኝና ሁለት እጥፍ አድርጌ፣ ክሩን በሰም እያሸሁ፣ በወስፌ አራት ረድፍ ሰፋሁት። ከኋላው መቀመጫ መሐል ላይ አደረግነው፤ ከበሩም ከፊቱም የራቀ እሱ ነው። ማሰሪያውን መቀመጫው ከወለሉ ጋር በተያዘበት ብሎን ላይ አዞርነው። ባለቤቴ በጉልበቱ ወንበሩን ቁልቁል ይጫናል፣ እኔ እስበታለሁ።

"ነቅንቂው" አለኝ።

ነቀነቅሁት። መኪናው ተነቃነቀ፣ ወንበሩ እምቢ አለ።

ልጅቷን ስናስቀምጣትም ስህተት ሠራሁ። ብርድ ነው ብዬ በጋቢ ጠቅልዬ አሰርኳት። ኋላ ጋቢውን ስስብ ቀበቶው ተንዘላዘለ፤ ለካስ ያሰርኩት ጋቢውን ነው። ከዚያ ወዲያ በቀሚሷ ብቻ አሥራለሁ፣ ከቀበቶው ሥር አንድ ጣቴ ብቻ እስኪገባ አጠብቃለሁ፣ ጋቢውን ከላይ አለብሳታለሁ። ጄሶ ያለው እግሯ እንዳይንጠለጠል በጨርቅ የሞላ ትራስ ከሥሩ አደርጋለሁ።

የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሊያየን ተሰበሰበ። አፉ የማያርፍ ዕቃ ቤት ጠባቂ ነበር፣ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ፣ "ዙፋን ወረደ ሲባል እናንተ ዘንድ ወጣ?" አለ። ሰው ግራ ቀኙን አይቶ ሳቀ። ያን ጊዜ ለሳቅም ግራ ቀኝ ይታያል።

ባለቤቴ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ልታሳስረን ነው እንዴ?" አለው።

"ልጃችሁን ካሰራችሁ ወዲያ ምን ቀራችሁ!"

በሚቀጥለው ጉዞ በሬ ገባብንና ባለቤቴ እንደ ቀድሞው ፍሬን ያዘ። ዞሬ አየኋት። ራሷ ሄድ መለስ አለ፣ ከዚያ ጥርሷን ፍልቅቅ አድርጋ፣ "ድገመው!" አለችው። ከዚያ በኋላ ወንበሩን "ቤቴ" ትለው ጀመር። መኪናው ግቢ ሲገባ ከሰማች "ቤቴ መጣ" ትላለች። በተከታታይ ስድስት ጄሶ ተቀየረላት፣ ስድስቱንም ጊዜ በቤቷ ሄዳ በቤቷ ተመለሰች።

የመጨረሻው ጉዞ ጄሶው የሚወልቅበት ነበር። ቀጥ ብላ ትቆም እንደሆነ የሚታይበት ቀን።

ጠዋት ልንወጣ ስንል አንድ የምናከብራቸው ሽማግሌ ዘንቢል ይዘው ግቢው በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። ጎረቤታችን የሆኑ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ የሀዲያ ሰው። ቤተ ክርስቲያናቸው ከተዘጋ ቆይቷል፣ ልጃቸውም አዲስ አበባ ከታሰረ ዓመት አልፎታል። ለእሱ ስንቅ የምታመላልስለት ዘመድ አለች፣ ዘንቢሉ ለእሷ የሚወስዱት እንቁላል ነው፣ በገለባ የተሞላ። ባለቤቴ ወርዶ እጃቸውን ሳመ። ጋቢና ተቀመጡ እንጂ ሌላ ሊባል አይችልም። እኔ ከኋላ ሆንኩ፣ ዕቃ ቤት ጠባቂውም ለሥራ ይሄድ ስለነበር ከጎኔ ተቀመጠ። ልጄን መሐል ላይ አሰርኳት።

ጥቂት እንደ ሄድን ሽማግሌው ዞረው አይዋት ጀመር። እንቁላሉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጉድጓድ ባገኘን ቁጥር ብድግ ያደርጉታል።

"ይኼ ልጅ፣ ምን አጥፍቶ ነው?" አሉኝ። ወንድና ሴት በአማርኛ አይለዩም ነበር።

"አላጠፋችም አባባ። እንዳትወድቅ ነው።"

"እኛ እያለን ይወድቃል?"

ምን ልበላቸው? በእኛ ዘንድ መኪና ውስጥ ያለ ጭን ሁሉ የልጅ ነው። ልጅ ከጭን ጭን እየተቀባበለች ትሄዳለች፣ አልሰጥም ማለት አላምናችሁም ማለት ነው። 

ቆይተው፣ "ልጄን ካየሁት ዓመት ሆነኝ። ዛሬም ያሳዩኝ እንደሆነ አላውቅም" አሉ። "ይኼን ልያዘው። እንቁላሉ እዚያ ይታሰር።"

ዕቃ ቤት ጠባቂው ከት ብሎ ሳቀ። "እውነታቸውን ነው! እንዳይሰበር የሚፈራለት እንቁላል ነው እንጂ ሰው ይታሰራል እንዴ?"

ባለቤቴን በመስታወት አየሁት። እሱም አየኝ። እምቢ እንድል ፈልጎ ይሁን እሺ እንድል እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እኔ ግን ዐውቅ ነበር። ያቺን በቀይ የተሰረዘች ሴትዮ ዐውቃት ነበር። አላወቅሁም ብዬ ማልቀስ የማልችለው ለዚህ ነው።

መኪናው ቆመ። ዘለበቱን ፈታሁት።

ልጄ ወደ ወንበሩ እጇን ዘርግታ፣ "ቤቴ! ቤቴ!" አለች።

"ቤትሽማ ተወረሰ" አላት ዕቃ ቤት ጠባቂው። የትርፍ ቤት አዋጁን መጥቀሱ ነው። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ዘንቢሉን ወንበሩ ላይ አደረግሁና፣ እጄ ለምዶት ይሁን አላውቅም፣ ቀበቶውን አንድ ጣት እስኪቀረው አጠበቅሁት። ልጄ ሽማግሌው ጭን ላይ ጥቂት አለቀሰች፣ በሀዲይኛ ዘፈኑላት፣ ዝም አለች። በሁለት ትልልቅ እጃቸው አቅፈዋታል። በጣም ነው ያቀፏት።

ከፊታችን የጭነት መኪና ያነሣው አቧራ ነበር። አቧራው ውስጥ ግን ሌላ የጭነት መኪና ቆሞ ነበር፣ ተበላሽቶ መንገዱ ላይ። ባለቤቴ ሲያየው መሪውን ወደ ጎን መለሰው፣ የፊት ጎማችን ቦይ ውስጥ ገባ። ረጅም ነገር አልነበረም። አንድ ጊዜ ጓ አለና አለቀ።

እኔ ትከሻዬን ተመታሁ፣ ዕቃ ቤት ጠባቂው ጥርሱ ወለቀ፣ ባለቤቴን መሪው ደረቱን መታው። ሽማግሌው ጎድናቸው ተሰበረ። እጃቸውን አልለቀቁም። ልጄ በእሳቸውና በዳሽቦርዱ መሐል ነበረች። እንደያዟት ነው ያገኘናት፣ ስንወስድባቸውም እምቢ ብለው አልለቀቁም ነበር።

ከሁሉ በኋላ ዘንቢሉን ያየሁት እኔ ነኝ። ወንበሩ አልተነቃነቀም። ገለባውን ገለጥኩት። ለምን እንደገለጥኩት አትጠይቁኝ። ሁለት ተሰንጥቀዋል፣ የቀሩት ደኅና ናቸው።

ለቀብር ስትታጠብ ጄሶውን ያወለቁት ጎረቤቶቼ ናቸው። አንዷ ወጥታ በጆሮዬ፣ "እግሯ ቀንቷል" አለችኝ። ላጽናናት ብላ ነው።

ሽማግሌው በፋሻ ተጠቅልለው ለቅሶ መጡ። ድንኳኑ ውስጥ አልገቡም። ውጭ መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ሄጄ ብድግ ይበሉ አልኳቸው።

"በደንብ ይዤው ነበር" አሉኝ።

"ዐውቃለሁ አባባ።"

"በጣም ይዤው ነበር።"

ደግሜ ዐውቃለሁ አልኳቸው። አጥብቀው መያዛቸው እኮ እውነት ነው። ልጃቸው ሳይፈታ፣ እሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ ዐረፉ።

ባለቤቴ መሪ መያዝ ተወና እዚያው መሥሪያ ቤት ዘበኛ ሆነ። ስለ ዘለበቱ አንድ ቀን እንኳ አንሥቶብኝ አያውቅም። ቢያነሣብኝ ይሻለኝ ነበር። ወንበሩን እኔ ነኝ ፈትቼ ያወረድኩት። አንድ ሰሞን ልጅ ይዘው መንገድ የሚሄዱ ሴቶችን ቤቴ እየጠራሁ፣ መጽሐፏን እየገለጥኩ ሳሳይ ነበር። ያዝኑልኛል። "አይዞሽ፣ እግዜር ሌላ ይተካልሻል" ይሉኛል። ወንበሩን ውሰዱ ብላቸው የሟች ዕቃ ነው ብለው ይፈሩታል፤ ደግሞስ የቱ መኪናቸው ላይ ሊያስሩት? አውቶቡሱ ለእናቲቱም ወንበር የለው። መጽሐፏን መልሼ ወንበሩ ሥር ሰካኋትና ጓዳ አስገባሁት።

ደርግ ሊወድቅ ሲል አካባቢ ከሾኔ ገበያ በአውቶቡስ ስመለስ አንዲት ወጣት ሴት ሁለት ልጅ ይዛ ገባች። አንዱን ጀርባዋ ላይ አዝላለች፣ ሌላውን፣ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ሳትጠይቀኝ ጭኔ ላይ አኖረችው።

"እትዬ፣ ይያዙልኝ።"

አልይዝም ልላት አፌን ከፈትኩ። ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር። እሷም ዓይኗ ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር፤ ሰው እምቢ እንደማይላት ከእናቷ ጀምሮ ስታየው ያደገችው ነው። አፌን ዘጋሁ። የማስረው ነገር ቢኖረኝ ባሰርኩት፣ ነጠላዬን አየሁት፣ ነጠላ ምን ሊይዝ።

ልጁ ተኛ። በሁለት እጄ ዙሪያውን ያዝኩት። ሾፌሩ ፍሬን በነካ ቁጥር እጨምራለሁ። ክንዴ ደነዘዘ፣ ጣቶቼ ነጡ፣ ሆሳዕና እስክንገባ አልለቀቅሁትም። ክንዴ ምንም እንደማይጠቅመው በዚያ አውቶቡስ ውስጥ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

እናቱ ስትቀበለኝ ፈገግ ብላ፣ "ይባርክዎት እትዬ። እንዴት አጥብቀው ያዙልኝ" አለችኝ።

አሜን አልኩና ወረድኩ።