የቀለም ቀቢው ሠላሳ ትእዛዝ

ባለቤቴ በቀን ሠላሳ ትእዛዝ ብቻ በሐሳቡ መስጠት ይችላል። ከዚያ ካለፈ ራስ ምታቱ ይነሳና እስከ ማግስቱ ዓይኑን አይገልጥም። አምስቱ ለመብራት፣ ስድስቱ ለመጋረጃ፣ አራቱ ለአየር ማራገቢያው ይሄዳሉ። የቀሩት ለአልጋው ናቸው፤ ጀርባው እንዳይቆስል ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ከእነዚህ ሁለቱን ግን አይነካቸውም። ልጃችን ከሕፃናት ማቆያ ስትመለስ ራስጌውን አንስቶ ፊቷን የሚያይባቸው ናቸው።

ቀለም ቀቢ ነበር። ከሦስተኛ ፎቅ መወጣጫ ወድቆ ከአንገቱ በታች አልታዘዝ አለው፤ ድምፁም ከሹክሹክታ አያልፍም። ሆስፒታሉ ለሙከራ የሰጠን ኮፍያ የሚያስበውን እያነበበ ለክፍሉ ዕቃዎች ያስተላልፋል። መጋረጃው እንዲከፈት ሮለሩን ግድግዳው ላይ ወደ ላይ ሲስብ ያስባል፤ መብራቱ እንዲበራ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ሲነክር። ኮፍያው ሐሳቡን ለይቶ እስኪያውቅ ግን ቀስ ብሎ እስከ ዘጠኝ ያስቆጥራል።

እናቱ ዘጠኝ አትደርስም። ግንባሩን ሲያልበው አንጀቷ አይችልም፤ ብድግ ብላ ማብሪያውን ትጫናለች።

«እኔ ቆሜ ልጄ ለአንድ አምፖል ይልፋ?»

«እማዬ፣ ኮፍያውን ላንቺ ቢያደርጉልሽ ይሻል ነበር።»

እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም፤ ሥራ ሲደራረብብኝ መጋረጃውን በእጄ ከፍቼ አልፋለሁ።

ባለፈው ሳምንት የሆስፒታሉ ባለሙያ መጥታ መዝገቡን ከፈተች። ከመቶ ትእዛዝ ስልሳ አንዱ ሳያልቅ ተቋርጧል።

«በእጅ የተነካ ሁሉ እንዳልተሳካ ነው የሚቆጠረው» አለች። «ወረፋ የሚጠብቁ አሉ። በወር ውስጥ የተሳካው ከግማሽ ካላለፈ ኮፍያውን እንወስደዋለን።»

እናቱ እጇን አየችው። «እኔ ነኛ ያስቀማሁህ።»

«ገና አልቀሙኝም» አላት።

ትናንት ከሰዓት መጋረጃውን ጀመረ። እናቱ እጇን ጭኗ ሥር አድርጋ ተቀመጠች። እኔ በልቤ ሰባት ስደርስ ጎረቤታችን ገባች።

«ምን ጨለማ ውስጥ ቁጭ አላችሁ፣ ሰው የሞተባችሁ አስመሰላችሁት እኮ» ብላ ስባ ከፈተችው።

ደግ ሰው ናት። ስትወጣ ዘጋነውና እንደገና ሞከረ፤ ደግሞ ሞከረ። ለልጃችን ያስቀመጣቸው ሁለቱም እዚያው አለቁ። ስትመጣ ጣሪያ ጣሪያውን የሚያይ አባቷን ጉንጩን ስማ ወጣች።

ሃያ ሦስት ቀን ቀርቶናል። እኔ ከግማሽ ያልፋል ባይ ነኝ። ይህን እንደምጽፍ ስነግረው አንድ ነገር ጨምሪልኝ አለ፦ «ልትጠይቁኝ ስትመጡ መብራቱን ለእኔ ተዉልኝ። ላቤን አትዩ። ካቃተኝ አፍ አለኝ፣ እናገራለሁ።»